ነፃ የውጭ ጉዞ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፦ የአገና ልጆች ለምን አይደርሱበትም?



ወጪው ሙሉ በሙሉ ተሸፍኖለት ለሦስት ሳምንት ወይም ለሁለት ዓመት ወደ ውጭ አገር ሄዶ ስለሚማር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሲወራ ብዙዎቻችን የምናስበው የአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤት ልጅ፣ ወይም ኤምባሲ ውስጥ የሚያውቀው ሰው ያለው ልጅ ነው። ከወልቂጤ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው አገና 10ኛ ክፍል የሚማር፣ ከትምህርት ቤት መልስ መድረሳ የሚገባ ልጅ ግን በሐሳባችን አይመጣም።

ይህ ግምት በከፊል ትክክል ነው። ዕድሉን የሚያገኙት በአብዛኛው የከተማ ልጆች ናቸው። ምክንያቱ ግን የብዙዎች ግምት አይደለም። አብዛኞቹ ፕሮግራሞች ገንዘብ አይጠይቁም፣ ዘመድም አይጠይቁም። እንዲያውም አቅም ከሌለው ቤተሰብ የመጣን ጎበዝ ተማሪ አጥብቀው ይፈልጋሉ። የአገናን ልጅ የሚያስቀሩት ሦስት ነገሮች ናቸው። ወሬው የሚደርሰው ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው። ወሬው በጊዜ ሲደርስ ወረቀቱ አልተዘጋጀም። ወረቀቱ ሲሟላ ደግሞ ቤተሰቡ አያምንም። ሦስቱም በገንዘብ ሳይሆን በመደራጀት የሚፈቱ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ዕድሎቹ ምን እንደሆኑ፣ እንዴት እንደሚሠሩ፣ ከአጭበርባሪ እንዴት እንደሚለዩ፣ ጀመዓውም ምን ማድረግ እንደሚችል እናብራራለን።

ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም

ልጅን በሌላ ወገን ወጪ ለትምህርት ወደ ሩቅ አገር መላክ በዚህ ዘመን የመጣ ነገር የሚመስለው ካለ ታሪካችንን ይመልከት። በካይሮው አል-አዝሀር መስጂድ ከእኛ አካባቢ ለሚሄዱ ሙስሊም ተማሪዎች የተለየ ማደሪያ ነበር፤ ሪዋቅ አል-ጀበርት ይባላል። ተማሪው እዚያ ያድራል፣ ከወቅፍ ገቢ የዕለት ዳቦው ይሰፈርለታል፣ ከዑለማዎች ሥር ተቀምጦ ይቀራል። የግብፅ ታላቁ የታሪክ ጸሐፊ ሸይኽ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ (እ.ኤ.አ. 1753–1825) የዚህ ሪዋቅ ፍሬ ነው። ሰባተኛ አያቱ ከዚህ አካባቢ ተነስቶ ለዒልም ካይሮ የገባ ሰው ሲሆን የሪዋቁ ሸይኽ እስከመሆን ደርሷል። ዛሬ ስኮላርሺፕ የምንለውን ነገር የእኛ ሰዎች የዛሬ ሦስትና አራት መቶ ዓመት ያውቁት ነበር ማለት ነው፤ ስሙ ወቅፍ ነበር።

በቅርቡ ዘመን ደግሞ የኩባ ጉዞ አለ። ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች፣ ብዙዎቹ በኢትዮጵያና በሶማሊያ ጦርነት ወላጆቻቸውን ያጡ፣ ወደ ኩባዋ የወጣቶች ደሴት ተወስደው የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በኩባ መንግሥት ወጪ ተምረዋል። ከእነሱ መካከል ሐኪሞችና መሐንዲሶች ወጥተዋል። ጉዞው ግን ለዛሬ ወላጅም ትምህርት ጥሎ አልፏል። ብዙዎቹ ልጆች ለዓመታት ከአገራቸው ርቀው ነው ያደጉት። ስለዚህ ወላጅ ‹‹ነፃ ነው ወይ?›› ብሎ ከጠየቀ በኋላ ‹‹ለምን ያህል ጊዜ ነው? መቼ ይመለሳል? እስከዚያ ከቤቱ ጋር እንዴት ይገናኛል?›› ብሎም መጠየቅ አለበት።

ዛሬ ያሉት በሮች

በጥቅሉ አራት ዓይነት ናቸው። ልዩነታቸውን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የሚጠይቁት ዕድሜ፣ ጊዜና ዝግጅት ይለያያል።

አንደኛው የአጭር ጊዜ ጉዞ ነው። ከአንድ እስከ አራት ሳምንት ይቆያል፤ ተማሪው ተምሮ፣ ከሌሎች አገር ልጆች ጋር ተዋውቆ ይመለሳል። የአሜሪካው ዬል ዩኒቨርሲቲ ለአፍሪካ ልጆች የሚያዘጋጀው ያንግ አፍሪካን ስኮላርስ የሚባለው ፕሮግራም ከ14 እስከ 18 ዓመት ያሉ ተማሪዎችን ይቀበላል። የሚካሄደው እዚሁ አፍሪካ ውስጥ፣ ለምሳሌ በሩዋንዳ ነው። ለመሳተፍ ክፍያ የለውም፤ የጉዞ ወጪ ለሚከብደው ተማሪም ድጋፍ ይሰጣል። የአሜሪካ መንግሥት የሚደግፈው የፓን አፍሪካ ወጣቶች አመራር ፕሮግራም ደግሞ ከሰሃራ በታች ካሉ አገራት፣ ከኢትዮጵያም ጭምር፣ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያሉ ተማሪዎችን ለሳምንታት ወደ አሜሪካ ሲወስድ ቆይቷል። ይሁንና እ.ኤ.አ. ከ2025 ወዲህ የአሜሪካ መንግሥት የልውውጥ ፕሮግራሞች በበጀት ቅነሳ ተናግተዋል። በየዓመቱ መኖሩን ሳያረጋግጡ በተስፋ መጠበቅ አያስፈልግም።

ሁለተኛው ውድድር ነው። ፈርስት ግሎባል የሚባለው የሮቦት ውድድር እ.ኤ.አ. በ2017 በዋሽንግተን ተጀምሮ በየዓመቱ በተለያየ አገር ይካሄዳል፤ በ2019 በዱባይ፣ በ2022 በጄኔቫ፣ በ2024 በአቴንስ ተካሂዷል። ከየአገሩ ከ14 እስከ 18 ዓመት ያሉ ልጆች አንድ ቡድን ሆነው ይቀርባሉ። በእኛ ቤት ከሁሉም የሚታወቀው ግን የቁርአን ሒፍዝ ውድድር ነው። የዱባይ ዓለም አቀፍ የቁርአን ሽልማት እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ፣ በመካ የሚካሄደው የንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ ውድድር ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ ከየአገሩ ሓፊዞችን ሲያስተናግዱ ኖረዋል። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ዓለም አቀፍ የቁርአንና የአዛን ውድድር አዲስ አበባ ስታዲየም ውስጥ ሲካሄድ የብዙ አገር ልጆች ወደ እኛ መጥተዋል። አገና መድረሳ ውስጥ ተቀምጦ የሚያፍዝ ልጅ ለዚህ በር ከማንም በላይ ቅርብ ነው።

ሦስተኛው የረጅም ጊዜ ትምህርት ነው። ዩናይትድ ወርልድ ኮሌጅስ በሚል ስም የሚታወቁት ትምህርት ቤቶች እ.ኤ.አ. በ1962 በዌልስ የተጀመሩ ሲሆን ዛሬ በተለያዩ አህጉራት 18 ደርሰዋል። በአፍሪካ በኤስዋቲኒና በታንዛኒያ ይገኛሉ። ተማሪው የመጨረሻዎቹን ሁለት የሁለተኛ ደረጃ ዓመታት እዚያ ይማራል። ምርጫው የሚካሄደው በየአገሩ ባለ ኮሚቴ ነው፤ የገንዘብ ድጋፉም በቤተሰቡ አቅም ልክ ሙሉ ወይም ከፊል ይሆናል። በደቡብ አፍሪካ ጆሃንስበርግ የሚገኘውና እ.ኤ.አ. በ2008 ተማሪ መቀበል የጀመረው አፍሪካን ሊደርሺፕ አካዳሚም ከ16 እስከ 19 ዓመት ያሉ የአፍሪካ ልጆችን ለሁለት ዓመት ያስተምራል። ራይዝ የሚባለው ፕሮግራም ደግሞ ከ15 እስከ 17 ዓመት ባሉት መካከል ከመላው ዓለም 100 ልጆችን በየዓመቱ እየመረጠ በወጪው ሰብስቦ ያሠለጥናል።

አራተኛው የዲን ትምህርት በር ነው። የቱርክ ዲያኔት ወቅፍ በቱርክ ከተሞች፣ ለምሳሌ በካይሴሪ፣ ዓለም አቀፍ የኢማም ኻጢብ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አሉት። ከብዙ አገር የሚመጡ ሙስሊም ልጆች ማደሪያና ምግብ ተችሏቸው የዲንም የዓለምም ትምህርት ይማራሉ። ይህን ‹‹ቱርኪዬ ቡርስላሪ›› ከሚባለው ጋር ማምታታት አይገባም፤ ቡርስላሪ በዋናነት ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነው። አል-አዝሀርም ከዩኒቨርሲቲው በታች ባሉት መዓሂዱ የውጭ ተማሪዎችን ይቀበላል።

አንድ ነገር በግልጽ እንናገር። በእነዚህ በሮች የሚያልፈው ጥቂት ነው። 100 ሰው ከመላው ዓለም ሲመረጥ ዕድሉ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ግልጽ ነው። ስለዚህ ማመልከት ከትምህርት ጎን የሚሠራ ነገር እንጂ ትምህርትን የሚተካ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት ያለፈው 8.4 በመቶ ብቻ መሆኑን ማንም ወላጅ መርሳት የለበትም። የ12ኛ ክፍል ልጅ የጉዞው ጊዜ ከብሔራዊ ፈተናው ጋር እንዳይጋጭም ቀድሞ ማየት አለበት። ለማመልከት የተሻለው ጊዜ 10ኛና 11ኛ ክፍል ነው።

ወሬው ለምን ዘግይቶ ይደርሳል?

አብዛኞቹ ፕሮግራሞች ማስታወቂያቸውን የሚያወጡት በኢንተርኔት ነው፤ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው፤ ጊዜውም በአብዛኛው ከመስከረም እስከ የካቲት ባለው ውስጥ ነው። በአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤቶች ይህን የሚከታተል መምህር ይመደባል። አገና ግን ወሬው የሚገባው በአረፋ ወይም በመስቀል ከአዲስ አበባ በሚመጣ ዘመድ አፍ፣ ወይም ከስድስት ወር በኋላ በቴሌግራም ተላልፎ ነው። በዚያ ጊዜ ማመልከቻው ተዘግቷል።

ሁለተኛው ችግር የቀን አቆጣጠር ነው። የመዝጊያው ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ይጻፋል፤ ሰዓቱም እንዲሁ። ‹‹በግሪንዊች ሰዓት ከምሽቱ 11፡59›› የሚል ማስታወቂያ በእኛ ሲቆጠር ከሌሊቱ 8፡59 ነው። 11፡59ኙን ከቀኑ 11 ሰዓት የመሰለው ልጅ ጊዜ እያለው አልፎኛል ብሎ ይተወዋል፤ በነጋታው ምሽት የመሰለው ደግሞ ተዘግቶ ያገኘዋል።

ዕድሜም ላይ ስህተት ይፈጠራል። የኢትዮጵያን ዓመት ወደ ፈረንጅ ሲለውጡ ሁልጊዜ 8 መደመር የተለመደ ነው፤ ትክክል ግን አይደለም። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ለተወለደ የሚደመረው 7 ነው፤ ከዚያ በኋላ ለተወለደ 8። ታኅሣሥ 1 ቀን 2002 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በፈረንጅ ዲሴምበር 10 ቀን 2009 ነው የተወለደው። 2010 ብሎ ከሞላ በአንድ ዓመት ያንሳል፤ በዚያች አንድ ዓመት ‹‹ዕድሜህ አልደረሰም›› ሊባል ይችላል። ፓስፖርቱ ሌላ ቀን ካሳየ ደግሞ ሐሰት እንደጻፈ ይቆጠርበታል።

ወረቀቱ

አንድ ልጅ ተመርጦም የሚቀረው በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው። ከምርጫው እስከ ጉዞው ያለው ጊዜ አጭር ነው፤ ወረቀት ግን በችኮላ አይገኝም።

የሁሉም መነሻ የልደት ምስክር ወረቀት ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ በ2004 ዓ.ም. ቢወጣም ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። ስለዚህ ዛሬ 10ኛና 11ኛ ክፍል ያሉ ልጆች ሲወለዱ በቀበሌ አልተመዘገቡም። ምስክር ወረቀቱን አሁን ለማውጣት ወላጆች መታወቂያቸውን ይዘው፣ ልጁን ይዘው፣ ቀበሌው የሚጠይቀውን ማስረጃና ምስክር ይዘው መሄድ አለባቸው። ይህ ማንም ሳይመረጥ፣ ማንም ሳያመለክት ዛሬ ሊደረግ የሚችል ነው። ልጁ የትም ባይሄድ እንኳ ወረቀቱ ለብዙ ነገር ይፈለጋል።

ቀጥሎ ስም ነው። በእኛ ልጆች ላይ ከሁሉም በላይ የሚጎዳው ይህ ነው። ቤት ውስጥ ሸምሱ የተባለው ልጅ ትምህርት ቤት ሸምሰዲን ተብሎ ተመዝግቧል። ነስሩ ነስረዲን ይሆናል። ‹‹ሙሐመድ›› የሚለው ስም በላቲን ፊደል በአራትና በአምስት መንገድ ይጻፋል። በ8ኛ ክፍል ሰርተፊኬት በአንድ ፊደል፣ በትራንስክሪፕት በሌላ፣ በፓስፖርት በሦስተኛ ከተጻፈ ለኤምባሲው ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የልጁን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚጻፍ አንድ ጊዜ መወሰን፣ በወረቀት ጽፎ ማስቀመጥ፣ ከዚያ በኋላ ሁሉም ቦታ በዚያው ማስጻፍ። የትምህርት ቤቱ መዝገብ ስህተት ካለው ለማስተካከል የሚቀለው ልጁ ገና እዚያው እየተማረ ሳለ ነው።

ከዚያ ፓስፖርት ነው። ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ፓስፖርት የሚያወጣው ከወላጁ ወይም ከሕጋዊ ሞግዚቱ ጋር ቀርቦ ነው። መደበኛው ክፍያ በቅርብ ዓመታት ጨምሮ 5,000 ብር ደርሷል፤ አስቸኳይ ሲሆን ከዚያ በብዙ እጥፍ ይወደዳል። አስቀድሞ ያወጣና በመጨረሻው ሳምንት የሚሯሯጥ ሰው የሚከፍሉት ልዩነት ለአንድ የገበሬ ቤተሰብ ከባድ ነው። ወላጅ አባት ዐረብ አገር ወይም ደቡብ አፍሪካ ካለ የስምምነት ውክልናው ከዚያ ተልኮ እስኪመጣ ወራት ሊፈጅ ይችላል፤ ይህንንም ቀድሞ ማሰብ ነው። ለውጭ አገር የሚቀርብ የልደት ወረቀት በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጋገጥ ሊኖርበት ይችላል። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም ለብዙ አገሮች ያስፈልጋል።

ማመልከቻው የሚፈልገው

ብዙ ተማሪዎች ማርክ ብቻ የሚታይ ይመስላቸዋል። ማርክ ይታያል። ከማርኩ እኩል ግን ‹‹ለአካባቢህ ምን ሠራህ? ምን ችግር አየህ? ምን ሞከርክ?›› የሚል ጥያቄ ይመጣል። የአገና ልጅ እዚህ ላይ ‹‹እኔ ምን አለኝ?›› ብሎ ይተወዋል። ያለውን ስለማያውቀው ነው እንጂ አለው። ክረምት ክረምት አዲስ አበባ ወርዶ ጫማ እየጠረገ የደብተሩን ገዝቶ የተመለሰ ልጅ አለው። እናቷ እንሰት ስትፍቅ አብራ እየሠራች ማታ ማታ የጎረቤት ልጆችን የምታስጠና ልጅ አላት። መድረሳ ውስጥ ከእሱ በታች ያሉትን አሊፍ ባ የሚያስቀራ ልጅ አስተማሪ ነው፤ ይህን መጻፍ አለበት። መራጮቹ የሚፈልጉት እውነተኛ ሕይወት ነው።

ጽሑፉን ሌላ ሰው ሊጽፍለት አይገባም። ማረም ይቻላል፤ መጻፍ ግን የልጁ ነው። አንደኛ ሐሰት ነው፤ ዲናችን አይፈቅደውም። ሁለተኛ ከጽሑፉ በኋላ ቃለ መጠይቅ አለ፤ በወረቀት ላይ እንደ ፕሮፌሰር የጻፈ ልጅ በቃል ሁለት ዓረፍተ ነገር መናገር ካቃተው ወዲያው ይታወቃል። እንግሊዝኛው ቀላል ቢሆን ችግር የለውም። በጉብሬ የሚገኘው የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ቅርብ ነው፤ እዚያ የሚማሩና የሚያስተምሩ ወንድሞችና እህቶች በወር አንድ ቅዳሜ መጥተው ልጆቹን በእንግሊዝኛ ቢያናግሩ ከማንኛውም ኮርስ ይበልጣል።

የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉት መምህርና ርዕሰ መምህር ናቸው። ደብዳቤ ለመጻፍ ቢያንስ ሁለት ሳምንት መስጠት አደብ ነው። ነገ የሚዘጋን ማመልከቻ ዛሬ ማታ ይዞ የመምህርን በር ማንኳኳት ጥሩ ደብዳቤ አያስገኝም።

ዲንና ሴት ልጆች

ወላጆች የሚጠይቁት ተገቢ ጥያቄ አለ፦ ሶላቱስ? ምግቡስ? ሒጃቡስ? ብዙ ፕሮግራሞች ተማሪው ምን እንደሚበላና ምን እንደማይበላ የሚሞላበት ቦታ በቅጻቸው ላይ አላቸው። ሐላል ብሎ በግልጽ መጻፍ ነው። አፍሮ ባዶ ትቶት ሄዶ እዚያ መቸገር አይገባም። የጉዞው ጊዜ ረመዳን ውስጥ የሚውል ከሆነ ቀድሞ ማሳወቅ ነው። ለአሜሪካ ቪዛ የሚነሱት ፎቶግራፍም ፊት በሙሉ እስከታየ ድረስ ለሃይማኖት በሚለበስ መሸፈኛ ይፈቀዳል። እነዚህን ለመጠየቅ መፍራት አያስፈልግም፤ ጥያቄውን በመልካም የሚቀበል ፕሮግራም ልጅን በአማና ለመቀበል የበቃ ነው፤ የሚያኮርፍ ከሆነም ቀድሞ ማወቁ ይሻላል።

የሴት ልጆች ጉዞ ከመሕረም ጋር የተያያዘ ጉዳይ ነው። በዚህ ላይ ዑለማዎች የተናገሩት አለ፤ እኛ እዚህ ፈትዋ የምንሰጥበት አይደለም። የምንለው አንድ ነገር ነው፦ ጥያቄው ለምታምኑት ዓሊም መቅረብ ያለበት ከማመልከቱ በፊት ነው። ልጅቷ ለወራት ደክማ፣ ተመርጣ፣ ቪዛ ላይ ስትደርስ ‹‹አይሆንም›› ማለት ልጅቷንም ይሰብራል፤ ለሌላ ልጅ ሊሆን የሚችለውንም ቦታ ያስቀራል። ለዓሊሙም ሙሉውን ነገር መንገር ነው፦ ስንት ቀን፣ የት አገር፣ ከማን ጋር፣ ሴት ተቆጣጣሪ አለች ወይ፣ ማደሪያው የሴቶች ብቻ ነው ወይ። መልሱ አይሆንም ከሆነ ደግሞ አገር ውስጥ የሚሰጡ ሥልጠናዎች፣ ውድድሮችና በርቀት የሚሰጡ ትምህርቶች አሉ። ‹‹ሴት ናት›› ብሎ ሳይጠይቁ በሩን መዝጋት ግን ዓሊም ሳይጠይቁ ፈትዋ መስጠት ነው።

ከአጭበርባሪ እንዴት ይለያል?

የእውነተኛው ዕድል ወሬ በማይደርስበት ቦታ የሐሰተኛው ወሬ ቶሎ ይደርሳል። ከደቡብና ከመካከለኛው ኢትዮጵያ ስንት ወጣት በደላላ ቃል በየበረሃውና በየድንበሩ እንደቀረ ሁላችንም እናውቃለን። ‹‹ነፃ የትምህርት ዕድል›› ደግሞ ለወላጅ ጆሮ የሚጣፍጥ ቃል ነው። ስለዚህ እነዚህን ምልክቶች ልብ ይሏል።

እውነተኛ ፕሮግራም ‹‹ቦታ ለመያዝ›› ወይም ‹‹ፋይል ለማስከፈት›› ብር አይጠይቅም። በግለሰብ የባንክ ሒሳብ ወይም በቴሌብር ላክ ከተባለ እዚያው ማቆም ነው። እውነተኛ ፕሮግራም ሳያመለክቱ ‹‹ተመርጠሃል›› አይልም። የልጁን ፓስፖርት ዋናውን ‹‹እኔ ጋ ይቀመጥ›› የሚል ደላላ እንጂ ትምህርት ቤት አይደለም። ዕድሜ ቀይሩ፣ የሌላ ሰው ልጅ አስመስሉ የሚል ሁሉ ልጁን ወደ ወንጀል እየጎተተው ነው። መንገዱ በየብስ፣ በሦስተኛ አገር በኩል ነው ከተባለ ያ ጉዞ ትምህርት አይደለም። ይህን ዓይነት ሥራ አዋጅ ቁጥር 1178/2012 በከባድ ወንጀል ይቀጣል፤ የደረሰበት ሰው ዝም ማለት የለበትም፤ ለፖሊስ ማመልከት ነው።

ለማረጋገጥ ከላኪው ሰው ሌላ መንገድ መያዝ ነው። ማስታወቂያውን በድርጅቱ በራሱ ድረ ገጽ ላይ መፈለግ፣ የኤምባሲ ነው ከተባለ የኤምባሲውን ይፋዊ ገጽ ማየት፣ የዲን ትምህርት ከሆነ በየደረጃው ያለውን መጅሊስ መጠየቅ ነው። በከፊል ነፃ የሆኑትንም መለየት ያስፈልጋል። ‹‹የገንዘብ ድጋፍ›› ከሚባለው ውስጥ አንዳንዱ ስጦታ ሳይሆን ብድር ነው። ብድር ከሆነ ወለድ አለው ወይ፣ በምን ሁኔታ ይመለሳል፣ ማን ይፈርማል ብሎ መጠየቅ ነው።

ሌላም አማና አለ። ለሦስት ሳምንት የሄደ ልጅ በሦስተኛው ሳምንት መመለስ አለበት። ቃል ገብቶ እዚያው የቀረ ልጅ የሚዘጋው የራሱን በር ብቻ አይደለም፤ ከዚያው ትምህርት ቤት፣ ከዚያው ከተማ በሚቀጥለው ዓመት የሚያመለክተውን ልጅ በር ጭምር ነው። ወላጅም ‹‹ከሄድክ አትመለስ›› የሚል ምክር ከሰጠ የሌላ ሰው ልጅ ሐቅ ላይ እየፈረደ ነው።

ጀመዓው ምን ያድርግ?

የጉራጌ ሕዝብ ብር አዋጥቶ መንገድ የሠራ ሕዝብ ነው። የመንግሥት በጀት እስኪመጣ ሳይጠብቅ በ1950ዎቹ አዲስ አበባ ያሉ ልጆቹ ተሰብስበው፣ ድርጅት አቋቁመው፣ ከመርካቶ ሱቃቸው እያዋጡ አገር ቤት ድረስ መንገድ አስገብተዋል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ አዋጥቷል። ለዚህ ጉዳይ የሚያስፈልገው ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ነው። የአውሮፕላን ትኬት የሚከፍል ፕሮግራም አለ፤ ከአገና እስከ አዲስ አበባ ያለውን ትራንስፖርት፣ የፓስፖርቱን ክፍያ፣ የኢንተርኔቱንና የፎቶ ኮፒውን የሚከፍል ግን የለም። አንድ ጎበዝ ልጅ በ5,000 ብር ሲቀር ሃምሳ ሰው መቶ መቶ ብር አላዋጣም ማለት ነው።

ስለዚህ አምስት ነገሮችን እናቀርባለን።

1. በየመስጂዱ ጀመዓ ወሬ የሚከታተል አንድ ሰው ይመደብ። ስማርት ስልክና እንግሊዝኛ ያለው፣ በሳምንት አንድ ሰዓት የሚሰጥ ወጣት ይበቃል። ያገኘውን ከጁሙዓ በኋላ ይናገር፤ በትምህርት ቤቶቹም የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በአማርኛ፣ በኢትዮጵያ ቀን ተጽፎ ይለጠፍ። ዕድሉ ለሁሉም ተማሪ ነው፤ የክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም ልጆች ይዩት።

2. በየዓመቱ መስከረም ላይ 9ኛ ክፍል የገቡ ልጆች ሁሉ የልደት ወረቀታቸውንና የስማቸውን አጻጻፍ እንዲያስተካክሉ ይቀስቀስ።

3. ለፓስፖርትና ለትራንስፖርት የሚሆን ትንሽ ፈንድ ይቋቋም። አዲስ አበባ ያሉ የአካባቢው ተወላጆች ዕቁባቸውና ዕድራቸው ላይ አንስተው ቢነጋገሩበት ቀላል ነው። ከዘካ መስጠት ይቻላል ወይ የሚለውን ዑለማዎችን መጠየቅ ነው፤ ሰደቃ ግን ምንጊዜም ክፍት ነው።

4. አረፋን እንጠቀምበት። በአረፋ ከአዲስ አበባም ከውጭም ሰው አገር ቤት ይገባል። ከሚገቡት መካከል መምህሩ፣ ሐኪሙ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪው አለ። ከበዓሉ ቀናት አንዱን ግማሽ ቀን ለተማሪዎች ይስጡ፤ ማመልከቻ እንዴት እንደሚሞላ ያሳዩ።

5. የሄደ ልጅ ሲመለስ ይናገር። ያየውን፣ የቸገረውን፣ የጠቀመውን ለታናናሾቹ ያስረዳ። የአንድ ልጅ ምስክርነት ከመቶ ማስታወቂያ ይልቅ ወላጅን ያሳምናል።

ነቢዩላህ ሙሳ ዐለይሂ ሰላም ዒልም ፍለጋ ከወጣቱ አገልጋያቸው ጋር እስከ ሁለቱ ባሕሮች መገናኛ መጓዛቸውን በሱረቱል ከህፍ እናነባለን። ሁሉም ልጆቻችን አይሄዱም። በየዓመቱ ከአገና አንድ ልጅ ቢሄድ፣ ከእሱ ኋላ ግን ሃምሳ ልጆች ወረቀታቸውን አስተካክለው፣ እንግሊዝኛቸውን አሻሽለው፣ ስለ ራሳቸው መጻፍ ተምረው ቢቀሩ፣ የቀሩትም አተረፉ እንጂ አልከሰሩም። ያንኑ ወረቀትና ያንኑ እንግሊዝኛ ዩኒቨርሲቲ ሲገቡና ሥራ ሲፈልጉ ያገኙታል።

አላህ ልጆቻችንን በሚጠቅም ዒልም ያብቃልን፤ በሄዱበት ይጠብቅልን፤ በሰላም ይመልስልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።